ከቦሌ እስከ ዳለስ፦ ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ የመሄጃው ሰዓት ከመመለሻው ለምን ይረዝማል?

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ሜሪላንድ የሚኖሩ አንድ ጠያቂ እናታቸውን ከአዲስ አበባ ሊያስመጡ ትኬት ቆርጠዋል። በኢንተርኔት ላይ ባገኙት የርቀት ማስያ ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ ዋሽንግተን ዳለስ ያለውን ሲፈልጉ «11,560 ኪሎ ሜትር፤ 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ» የሚል ውጤት ወጣላቸው። ትኬቱ ላይ ግን አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ 22:30 ተነሥቶ በማግስቱ 08:00 ዳለስ ይደርሳል፤ ሲመለስ ደግሞ ከዳለስ 11:00 ተነሥቶ በማግስቱ 07:00 ቦሌ ይገባል ይላል። «በጣቴ ስቆጥረው መሄጃው 9 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው 20 ሰዓት ሆነብኝ፤ የትኛውን ልመን? ርቀቱ አንድ ከሆነስ ጊዜው ለምን ይለያያል? እናቴ በእርግጥ ስንት ሰዓት ነው የምትቀመጠው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

መልሱን አስቀድሜ ልስጥና ምክንያቱን ከዚያ ላስከትል። እናትዎ ወደ ዋሽንግተን ሲመጡ የአውሮፕላኑ በር ቦሌ ላይ ከተዘጋበት ዳለስ ላይ እስከሚከፈትበት 16 ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ከዚህ ውስጥ አንድ ሰዓት ገደማ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት የሚቆምበት ነው። ሲመለሱ ያለ ማረፊያ 13 ሰዓት ያህል ይበራሉ። ማስያው የሰጠዎት 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ስሕተት ነው ለማለት አልችልም፤ ርቀቱን ለ900 ኪሎ ሜትር በሰዓት አካፍሎ ለመነሣትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ጨምሯል። ከዚህ የዘለለ የሠራው ነገር ግን የለም። የትኛው አውሮፕላን፣ ከየትኛው ማኮብኮቢያ፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚነሣ አያውቅም፤ ለረጅም ዓመታት የበረራ ዕቅድ በማዘጋጀት ሥራ ላይ እንደቆየ ሰው የምነግርዎ ደግሞ የእርስዎ ጥያቄ የሚፈታው በእነዚህ በሦስቱ መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ የሰዓት ቆጠራውን እንጨርስ፤ እሱ ቀላሉ ነው። ትኬት ላይ የሚታተመው ሰዓት ሁልጊዜ የዚያው አየር ማረፊያ የአካባቢ ሰዓት ነው፤ የመነሻው በመነሻው ከተማ፣ የመድረሻው በመድረሻው ከተማ ይነበባል። ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትቀይርም። ዋሽንግተን ግን በመጋቢት ወር ሁለተኛ እሑድ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ታስኬድና በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ትመልሳለች። ስለዚህ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በበጋቸው 7 ሰዓት፣ በብርዳቸው 8 ሰዓት ነው። የእናትዎ ጉዞ በ7 ሰዓት ልዩነቱ ወቅት ላይ ስለሚውል፣ ዳለስ 08:00 ሲል አዲስ አበባ 15:00 ይላል፤ ከ22:30 እስከ 15:00 ደግሞ 16 ሰዓት ተኩል ነው። ሲመለሱ ዳለስ 11:00 ማለት አዲስ አበባ 18:00 ስለሆነ እስከ 07:00 ድረስ 13 ሰዓት ይሆናል። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ልዩነቱን ይጨምሩ፣ ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ ይቀንሱ፤ ለሌላ ለማንኛውም ትኬት የሚያገለግለው ስሌት ይኸው ነው።

ወደ ርቀቱ ስንመጣ፣ 11,560 ኪሎ ሜትር የሚለው ቁጥር ትክክል ነው። በባሕርና በአየር ጉዞ መለኪያ 6,240 ኖቲካል ማይል ገደማ፣ በአሜሪካ የመንገድ ማይል ደግሞ 7,180 ገደማ ይሆናል። ሁለቱም «ማይል» ስለሚባሉ ሰዎች የተለያየ ቁጥር አይተው ይከራከራሉ፤ አንዱ 1.852፣ ሌላው 1.609 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ነው እንጂ ክርክር የሚያስነሣ ነገር የለውም። ይህ ርቀት የሚለካው የምድርን ክብነት በተከተለ አጭሩ መስመር ነው። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ጠፍጣፋ ካርታ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በማስመሪያ ቢያሰምሩ መስመሩ ቻድን፣ ኒጀርንና ማሊን አቋርጦ ወደ አትላንቲክ ይወጣል፤ ርዝመቱም 12,100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በሉል ላይ ክር ወጥረው ቢለኩ ግን ክሩ ከቦሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ በጎጃም ሰማይ ያልፋል፤ ከዚያም ከካርቱም ብዙም ሳይርቅ ሱዳንን አቋርጦ በሊቢያና በአልጄሪያ በረሃ በኩል ወደ ደቡብ ስፔን ይዘልቃል። አትላንቲክን ተሻግሮ ከካናዳ በስተ ደቡብ ባሕሩ ላይ ያልፍና አሜሪካ የሚገባው በሰሜን ምሥራቃዊ ጠረፏ በኩል ነው። ካርታው ላይ የጎበጠ የሚመስለው ይህ መስመር ቀጥ ብሎ ከሚታየው በ500 ኪሎ ሜትር በላይ ያጥራል።

አሁን ያንን መስመር ተከትሎ የሚበር መንገደኛ አውሮፕላን አያገኙም። አብዛኛው የሱዳን የአየር ክልል እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ከፈነዳ ወዲህ ለሲቪል በረራ ዝግ ሆኖ ቆይቷል፤ ሊቢያንም ብዙ አየር መንገዶች ከዚያ ቀደም ብለው ሲሸሿት ኖረዋል። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚሄደው አውሮፕላን ወደ ቀይ ባሕር ወጣ ብሎ በግብፅ በኩል ሜዲትራኒያንን ይሻገራል። ካርታ ላይ እንደ ቀላል ነገር ቢታይም በነዳጅም በጊዜም የሚከፈልበት ዙሪያ ነው፤ የበረራ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ሥራው ሰማዩ የት እንደተከፈተና የት እንደተዘጋ በየዕለቱ ከማጣራት ይጀምራል።

ይሁን እንጂ የመሄጃውን ጊዜ ከመመለሻው በሦስት ሰዓት ተኩል ያራዘመው ዙሪያው አይደለም፤ ዙሪያውን ሲመለስም ይሄደዋል። በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «ነፋስ ነው» የሚል ነው። ነፋስ ድርሻ አለው፤ ወደ እሱም እመጣለሁ። ዋናው ምክንያት ግን ቦሌ ያለችበት ከፍታ ነው።

ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ዳለስ 95 ሜትር ላይ ነው። በቦሌ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ቀን ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። አውሮፕላንን የሚያነሣው ክንፉን የሚያልፈው አየር በመሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ክንፉ በበለጠ ፍጥነት መሮጥ ይኖርበታል፤ በቦሌ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ የሚበልጥ የመሬት ፍጥነት ይጠይቃል ማለት ነው። ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙ ፍጥነት በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ያለው ጉልበት ያነሰ ይሆናል፤ ማኮብኮቢያው ደግሞ 3,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ አይለጠጥም። በዚህ ላይ ሕጉ የሚጠይቀው ሁሉም ሞተሮች ደህና ሆነው መነሣት መቻልን ብቻ አይደለም። በወሳኙ ቅጽበት አንድ ሞተር ቢጠፋ አውሮፕላኑ ወይ በቀረው ማኮብኮቢያ ላይ መቆም፣ ወይ በአንድ ሞተር ተነሥቶ በዙሪያው ካሉት ተራሮች በላይ መውጣት መቻል አለበት። ለጎማውም የተወሰነለት የፍጥነት ጣሪያ አለ። እነዚህ ሁሉ ተደምረው የሚሰጡት አንድ ቁጥር ነው፦ በዚያ ዕለት፣ በዚያ ሙቀት፣ ከዚያ ማኮብኮቢያ መነሣት የሚፈቀደው ከፍተኛ ክብደት። ይህ ክብደት ያው አውሮፕላን ከዳለስ ሲነሣ ከሚፈቀድለት በብዙ ቶን ያነሰ ነው።

የክብደቱን ነገር በቁጥር እንየው። ቦይንግ 787-8 በሰዓት 5 ቶን ገደማ ነዳጅ ያቃጥላል ብለን በደምሳሳው እንያዝ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአንድ ትንፋሽ ለመሄድ፣ ነፋሱንና ዙሪያውን ጨምሮ፣ 14 ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ከ70 ቶን በላይ ነዳጅ ያስፈልጋል፤ በሕግ የሚያዘው መጠባበቂያ ሲጨመር ደግሞ ወደ 80 ይጠጋል። መንገድ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ግን ከቦሌ ሲነሣ የሚይዘው እስከ ማረፊያው የሚያደርሰውን 40 ቶን ያህልና መጠባበቂያውን ብቻ ነው። ልዩነቱ 30 ቶን ገደማ መጣ። 270 መንገደኛ እያንዳንዱ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ከነበርበሬው፣ ከነሽሮውና ከነድርቆሹ ይዞ ሲሳፈር ክብደቱ ከዚያ አያንስም። እንግዲህ ምርጫው ይህ ነው፦ ነዳጁን ሞልቶ አብዛኛውን መንገደኛ ትቶ መነሣት፣ ወይም መንገደኛውን ሞልቶ ነዳጁን ከፊሉን መንገድ ላይ መቅዳት። የሁለተኛው ዋጋ ከሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት የሚሆን ጊዜ ነው፤ መሬት ላይ የሚቆይበት፣ ለማረፍ የሚወርድበትና እንደገና የሚወጣበት ተደምሮ። ንግድ የሚሠራ አየር መንገድ የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው፤ እኔም ብሆን ያንኑ እመርጥ ነበር።

«አምራቹ 787-8 13,500 ኪሎ ሜትር ይበራል ይላል፤ ታዲያ 11,560 እንዴት ከበደው?» ለሚለውም መልሱ ከዚሁ ይወጣል። የአምራቹ ቁጥር አውሮፕላኑ ሙሉ ክብደቱን ይዞ መነሣት ከሚችልበት ሜዳ እንደተነሣ አድርጎ የሚሰላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ ሲረከበው ይህን ሁሉ እያወቀ ነው፤ ከአውሮፕላኑ ጉድለት የመጣ ነገር አይደለም። ቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲሱ አየር ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ መሆኑም በዚህ ሙያ ላሉ ሰዎች ከስፋቱ ባልተናነሰ የሚያጓጓ ነገር ነው።

ዳለስ ሲሆን ይህ ችግር የለም። 95 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው ወፍራም አየር አውሮፕላኑ ለ13 ሰዓት የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ ይነሣል። ቦሌ ሲደርስ ደግሞ ነዳጁን አቃጥሎ ቀልሏል፤ ለማረፍ ከፍታው ብዙም አያስቸግረውም። የሁለቱ አቅጣጫ ልዩነት ከዚህ ይጀምራል።

ነፋሱ ከዚያ ይመጣል። ከመሬት በ10 እና በ12 ኪሎ ሜትር መካከል፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ፣ በሰሜን አትላንቲክ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ነፋስ አለ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት የብርድ ወራት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚደርስበት ቀን አለ፤ በበጋቸው ይለዝባል። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነት ያው 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ከመሬት አንጻር የሚጓዝበት ፍጥነት ግን ነፋሱ ሲገፋው ይጨምራል፣ ሲገጥመው ይቀንሳል። ከጉዞው ውስጥ ይህ ነፋስ በብርቱ የሚሠራበት አትላንቲክን የሚሻገርበት 5,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአማካይ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከኋላ ቢገፋው 5 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል፤ ያው ነፋስ ከፊት ቢገጥመው 6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይሆናል። ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ልዩነት ማለት ነው። በተግባር ወደ ምዕራብ የሚሄደው አብራሪ ነፋሱን ሸሽቶ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ ስለሚያልፍ፣ ወደ ምሥራቅ የሚመለሰውም ነፋሱን ፈልጎ ስለሚገባበት የሁለቱ መንገድ በየቀኑ የተለያየ ነው። አውሮፕላኑ ወደ ደቡብ ታጥፎ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ ወደ እኛ ሲመጣ ደግሞ ነፋሱ ከጎን ስለሚሆን ያን ያህል አይጠቅምም አይጎዳም።

በነገራችን ላይ፣ ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ወደ ምዕራብ የሚበረው ቶሎ መድረስ ነበረበት የሚሉ ሰዎች አሉ። አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ስለሚዞር ነገሩ እንደዚያ አይሠራም፤ በሚሮጥ አውቶቡስ ውስጥ ወደ ኋላ የሚራመድ ሰው ኋለኛው ወንበር ላይ ቶሎ እንደማይደርስ ማለት ነው።

የትኬትዎን የማረፊያ ከተማም ይመልከቱ፤ በጊዜው ላይ ለውጥ አለው። በዚህ መስመር ባለፉት ዓመታት ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ ለማረፊያነት አገልግለዋል። በአጭሩ መስመር ሲለካ ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,365፣ ከደብሊን ዳለስ 5,465 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ድምሩ 11,830 ሆኖ ከቀጥታው የሚበልጠው 270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በሮም በኩል ደግሞ ጭማሪው 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እነዚህን ቁጥሮች መጀመሪያ ያየ ሰው ይገረማል፤ ካርታው ላይ ደብሊን እጅግ ወደ ሰሜን የራቀች ትመስላለችና። ሎሜ ግን ሌላ ነገር ናት፦ 4,150 እና 8,600 ተደምሮ 12,750 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከቀጥታው 1,190 ይበልጣል፤ ይህም ከአንድ ሰዓት ሩብ በላይ በረራ ነው። በሎሜ የሚኬደው ለነዳጁ ብቻ ሳይሆን ከምዕራብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን መንገደኛ ለመጫንም ስለሆነ፣ ረዘመ ተብሎ የሚተው አይደለም። የእናትዎ የ16 ሰዓት ተኩሉ ትኬት በአውሮፓ በኩል ከሚያልፈው ስሌት ጋር ይገጥማል፦ እስከ ማረፊያው 8 ሰዓት ያህል፣ መሬት ላይ አንድ ሰዓት ገደማ፣ አትላንቲክን ለመሻገር 7 ሰዓት ተኩል። ለነዳጅ ብቻ ሲታረፍ መንገደኛው አብዛኛውን ጊዜ ከአውሮፕላኑ አይወርድም። አስቀድመው ካልነገሯቸው ግን «ደረስን» ብለው የእጅ ሻንጣቸውን ከላይ ለማውረድ የሚነሡ እናቶችና አባቶች ጥቂት አይደሉም፤ ይህን ይንገሯቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳያውቁት የሚያጋጥም አለ። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት መጠኑ ትንሽም ቢሆን ትርፍ ተይዞለት ነው፤ አውሮፕላኑ ከበሩ ተነሥቶ ማኮብኮቢያው ጫፍ እስኪደርስ፣ ዳለስም አርፎ እስኪቆም የሚወስደው ጊዜ ሁሉ በውስጡ አለ። ስለዚህ አብራሪው በማይክሮፎን የሚናገረው «የበረራ ጊዜያችን» ከትኬቱ ቢያንስ በግማሽ ሰዓት ማነሱ ያለ ነው። ነፋሱ የለዘበ ቀን ከታወጀው ሰዓት ቀድሞ ቢደርስም አይደነቁ፤ ለመቀበል ሲወጡ የበረራውን ሁኔታ በስልክዎ አይተው ይውጡ።

የመጨረሻው ስለ መነሻው ሰዓትና ቀን ነው። 22:30 በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:30 መሆኑን እናትዎ ያውቁት ይሆናል፤ ትኬቱ ላይ ግን 10:30 ብለው ቢያነቡት በቀን አሥር ሰዓት ተኩል ቦሌ ይገኛሉ፣ ይህ እንኳ ከመዘግየት ይሻላል። የሚያሳስበኝ የበረራ ሰዓት ለውጥ ተደርጎ መነሻው ከእኩለ ሌሊት ሲያልፍ ነው። ትኬቱ «12 ቀን 00:30» ቢል በእኛ አነጋገር የ11 ማታ፣ ከሌሊቱ 6:30 ማለት ነው፤ ምክንያቱም እኛ ቀኑን የምንቀይረው ሲነጋ ነው፣ ትኬቱ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ይቀይረዋል። «በ12 ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኩል» ብሎ የያዘ ሰው ቦሌ የሚደርሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ከአንድ ቀን በኋላ ነው። እንዲህ ያለ መልእክት ከደረስዎ ለእናትዎ ቀኑን በቁጥር አይንገሯቸው፤ «ሐሙስ ማታ፣ እራት በልተሽ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ ትገኛለሽ» በሏቸው።